የጎረቤት ቁፋሮና የተሰነጠቀ ግድግዳ፦ ፊዚክስ በፍርድ ቤት ምን ሊመሰክር ይችላል?

ከተሞቻችን ወደ ላይ በሚያድጉበት መጠን ወደ ታችም እየጠለቁ ነው። ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ የሚያሠራ ሰው ለመኪና ማቆሚያ፣ ለመጋዘንና ለውሃ ማጠራቀሚያ የሚሆን አንድ፣ ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት ምድር ቤት ይፈልጋል። ቦታው ውድ በመሆኑም ቁፋሮው ከአጥሩ ሥር ይጀምራል። ከአጥሩ ማዶ ግን አንድ ቤተሰብ ዕድሜ ልኩን ቆጥቦ የሠራው፣ የድንጋይ መሠረቱ ብዙም ጥልቀት የሌለው ቤት ቆሟል። ቁፋሮው በተጀመረ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከሳሎኑ መስኮት ማዕዘን የሚነሳ ሰያፍ ስንጥቅ ይታያል፤ በሩም አልዘጋ ይላል። የቤቱ ባለቤት ሄደው ሲጠይቁ የሚያገኙት መልስ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ «ቤትዎ ድሮም የተሰነጠቀ ነበር።»

በዚህ ቃል የተጀመረ ክርክር በሽምግልና ካላለቀ ፍርድ ቤት ይደርሳል። ዳኛው የሚጠይቁት ጥያቄ አጭር ነው፤ ይህን ግድግዳ የሰነጠቀው ቁፋሮው ነው ወይስ ሌላ ነገር? ጥያቄው የሕግ ጥያቄ ይመስላል፤ መልሱ ግን የሚገኘው በአፈር ሜካኒክስ ውስጥ ነው። ይህ ጽሑፍ ሁለት ነገሮችን ለማስረዳት ይሞክራል። አንደኛው፣ ቁፋሮ ፈጽሞ ያልነካውን ሕንፃ እንዴት ሊጎዳ እንደሚችል ነው። ሁለተኛው፣ ጉዳቱን ማን እንዳደረሰው አጥጋቢ መልስ ለመስጠት የሚያስችለው ዋናው ማስረጃ ከጉዳቱ በኋላ ሳይሆን ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት የሚሰበሰብ መሆኑ ነው።

አፈር ወደ ጎንም ይገፋል

ውሃ በአንድ ጥልቀት ላይ በሁሉም አቅጣጫ እኩል እንደሚገፋ በሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ተምረናል። ድንጋይ ግን ተቆርጦ ቢቆም ጎረቤቱን አይገፋም። አፈር በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለ ነገር ነው። ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ስለሚፋተጉ እንደ ውሃ አይፈስም፤ ነገር ግን በክብደቱ ምክንያት ወደ ጎን ይገፋል። ይህን ግፊት ለማስላት መንገድ ከከፈቱት አንዱ ፈረንሳዊው ቻርልስ ኩሎምብ ነው። የኤሌክትሪክ ሕግን የምናውቅለት ይኸው ሰው ወታደራዊ መሐንዲስ ነበር፤ ስለ አፈር ግፊት ያዘጋጀው ጥናትም እ.ኤ.አ. በ1776 ታትሟል። እ.ኤ.አ. በ1857 ደግሞ ስኮትላንዳዊው ዊልያም ራንኪን ዛሬም የምንጠቀምበትን ቀለል ያለ ስሌት አቀረበ።

በራንኪን ስሌት መሠረት አፈሩ በትንሹ ወደ ጎን ለመንቀሳቀስ ዕድል ካገኘ፣ የጎን ግፊቱ ከቀጥታው ግፊት ጋር ያለው ንጽጽር በሰበቃው ማዕዘን ይወሰናል። ማዕዘኑ 30 ዲግሪ ለሆነ አሸዋማ አፈር ይህ ንጽጽር አንድ ሦስተኛ ነው። የአንድ ኪዩቢክ ሜትር አፈር ክብደት 18 ኪሎኒውተን ቢሆን፣ በ10 ሜትር ጥልቀት ያለው ቀጥተኛ ግፊት 180 ኪሎፓስካል፣ የጎኑ ደግሞ 60 ኪሎፓስካል ይሆናል። ግፊቱ ከላይ ከዜሮ ተነስቶ ወደ ታች በእኩል መጠን ስለሚጨምር፣ በአንድ ሜትር የግንብ ርዝመት ላይ የሚያርፈው ጠቅላላ ኃይል 300 ኪሎኒውተን ነው። ይህም የሠላሳ ቶን ያህል ክብደት ማለት ነው። የቁፋሮው አንድ ጎን 30 ሜትር ቢረዝም፣ ወደ ጉድጓዱ የሚገፋው ኃይል ዘጠኝ መቶ ቶን ያህል ይደርሳል። ከመቆፈሩ በፊት ይህን ኃይል ይመክት የነበረው አሁን በገልባጭ መኪና ተጭኖ የሄደው አፈር ነበር።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ያልተነካና ያልተንቀሳቀሰ አፈር የጎን ግፊቱ አንድ ሦስተኛ አይደለም፤ ለተመሳሳዩ አሸዋ ግማሽ ያህል ነው። ከግማሽ ወደ አንድ ሦስተኛ የሚወርደው አፈሩ ወደ ጉድጓዱ በትንሹ ከተጠጋ በኋላ ነው። በደንብ ለተጠቀጠቀ አሸዋ የሚያስፈልገው እንቅስቃሴ ከጥልቀቱ አንድ ሺህኛ ያህል ነው፤ ለ10 ሜትር ቁፋሮ አንድ ሴንቲሜትር ማለት ነው። ስለዚህ ደጋፊ ግንቡን በአነስተኛው ግፊት አስልቶ የሚነድፍ መሐንዲስ፣ አወቀውም አላወቀውም፣ የጎረቤቱ መሬት አንድ ሴንቲሜትር ያህል እንዲንቀሳቀስ ፈቅዷል። ፈጽሞ የማይንቀሳቀስ ቁፋሮ የለም። ጥያቄው ምን ያህል ይንቀሳቀሳል፣ የጎረቤቱስ ቤት ምን ያህሉን ይሸከማል የሚለው ነው።

ሁለት እጥፍ ጥልቀት፣ ሠላሳ ሁለት እጥፍ መታጠፍ

ከታች ብቻ የተተከለና ከላይ ድጋፍ የሌለው ግንብ እናስብ። በሥሩ ላይ የሚያርፈው ግፊት ከጥልቀቱ ጋር በቀጥታ ያድጋል፤ ጠቅላላው ኃይል ከጥልቀቱ ካሬ ጋር፣ ግንቡን ከሥሩ ሊሰብር የሚሞክረው የማጠፍ ኃይል ደግሞ ከጥልቀቱ ኪዩብ ጋር ያድጋል። የግንቡ ጫፍ ወደ ጉድጓዱ የሚያዘነብልበት ርቀት ግን ከጥልቀቱ አምስተኛ ርቢ ጋር ነው የሚጨምረው። አራት ሜትር ለመቆፈር የበቃ ግንብ፣ ውፍረቱ ሳይጨምር ስምንት ሜትር ቢቆፈርበት መታጠፉ በሁለት አምስተኛ ርቢ፣ ማለትም በ32 እጥፍ ያድጋል። በእርግጥ ይህ ቀለል ያለ ስሌት ነው። ሆኖም «ትንሽ ዝቅ አድርገን አንድ ምድር ቤት እንጨምር» የሚለው ውሳኔ ለምን ትንሽ እንዳልሆነ በግልጽ ያሳያል። ጥልቅ ቁፋሮዎች በየደረጃው በአግዳሚ ድጋፍ ወይም ወደ አፈሩ ውስጥ በሚገባ የብረት መልሕቅ የሚያዙትም ለዚህ ነው።

ግንቡ ወደ ውስጥ ሲያዘነብል ከኋላው ያለው አፈር ክፍተቱን ለመሙላት ይከተላል፤ በዚህም የምድሩ ገጽ ይሰምጣል። አሜሪካዊው የአፈር መሐንዲስ ራልፍ ፔክ ከተለያዩ ቁፋሮዎች የተገኙ ልኬቶችን ሰብስቦ እ.ኤ.አ. በ1969 ባቀረበው ጥናት፣ በአሸዋና በጠንካራ ሸክላ ላይ በተለመደ የሥራ ጥራት በተሠሩ ቁፋሮዎች አጠገብ ያለው ስምጠት እስከ ጥልቀቱ አንድ በመቶ ሊደርስ እንደሚችል፣ ተጽዕኖውም ከጥልቀቱ እስከ ሁለት እጥፍ በሚደርስ ርቀት ላይ እንደሚታይ አመለከተ። በለስላሳ ሸክላ ላይ መጠኑም ርቀቱም ከዚህ ይበልጣሉ። ከዚያ ወዲህ የግንባታ ዘዴዎች በመሻሻላቸው ዛሬ ጥሩ ሥራ ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ስምጠት ያስከትላል። ቢሆንም የፔክ ሥዕል ለመነሻ ግምት አሁንም ያገለግላል።

በዚህ መሠረት ስምንት ሜትር የሚጠልቅ ቁፋሮ ቢኖር፣ በጠርዙ ላይ እስከ 8 ሴንቲሜትር፣ በ16 ሜትር ርቀት ላይ ደግሞ ዜሮ ስምጠት ልንጠብቅ እንችላለን። መሬቱ በአማካይ የሚያዘነብለው በ200 አንድ ነው። ቤት ሙሉ በሙሉ በእኩል መጠን ቢሰምጥ አይሰነጠቅም፤ የሚሰነጥቀው በአንዱ ጫፍና በሌላው መካከል ያለው ልዩነት ነው። እንግሊዛውያኑ ስኬምፕተንና ማክዶናልድ 98 ሕንፃዎችን መርምረው እ.ኤ.አ. በ1956 ባወጡት ጥናት፣ የማዕዘን መዛባቱ 300 አንድ ሲደርስ ግድግዳዎች መሰንጠቅ እንደሚጀምሩ፣ 150 አንድ ሲደርስ ደግሞ ምሰሶና ወጋግራው ራሱ ሊጎዳ እንደሚችል ደምድመዋል። የእኛ 200 አንድ በሁለቱ መካከል ይወድቃል። ቤቱ አይፈርስም፤ ግድግዳው ግን ይሰነጠቃል። አብዛኞቹ የጎረቤት ክሶች የሚነሱት በዚሁ ክልል ውስጥ ነው።

የማይታየው ተከሳሽ፦ የከርሰ ምድር ውሃ

ቁፋሮው ከከርሰ ምድር ውሃ ወለል በታች ከዘለቀ ጉድጓዱ ውሃ ይሞላል። ስለዚህ ፓምፕ ይተከላል፣ ውሃው ሌት ተቀን ይሳባል። የአጥር ወሰን የውሃን ፍሰት አይገታም፤ ጉድጓዱን የሚከብ የውሃ መከላከያ ግንብ ከሌለ፣ በጎረቤቱ ቤት ሥር ያለው ውሃም አብሮ ይወርዳል።

ይህ ለምን ቤት እንደሚያሰምጥ ያስረዳው የአፈር ሜካኒክስ አባት የሚባለው ካርል ቴርዛጊ ነው። ቴርዛጊ ዋና ሙከራዎቹን ያካሄደው ኢስታንቡል ውስጥ በሚያስተምርበት ጊዜ ሲሆን መሠረታዊ መጽሐፉን እ.ኤ.አ. በ1925 አሳተመ። ሐሳቡ ይህ ነው፦ በአፈር ላይ የሚያርፈውን ጫና ሁለት ነገሮች ይጋሩታል፤ በቅንጣቶቹ መካከል ያለው ውሃና ቅንጣቶቹ ራሳቸው። ውሃው ሲወጣ ድርሻውን ለቅንጣቶቹ አስረክቦ ይሄዳል። የውሃው ወለል አንድ ሜትር ሲወርድ ከታች ባለው አፈር ቅንጣቶች ላይ 10 ኪሎፓስካል ያህል ጫና ይጨመራል። የአንድ መኖሪያ ፎቅ ጭነት በግምት ይህንኑ ያህል ነው። ስለዚህ ውሃውን በሦስት ሜትር ዝቅ ማድረግ፣ ከጎረቤቱ ግቢ በታች ላለው አፈር በግቢው ሁሉ ላይ ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ የመጫን ያህል ነው።

አሸዋ ለዚህ ጫና ወዲያውኑ ምላሽ ይሰጣል። ሸክላ ግን ውሃውን በቀላሉ አይለቅም፤ የሚጠቀጠቀው ቀስ በቀስ ነው። የሚወስደው ጊዜ ውሃው ለመውጣት ከሚጓዘው ርቀት ካሬ ጋር ያድጋል፤ ልክ ሙቀት በወፍራም ግድግዳ ውስጥ እንደሚጓዘው። ሁለቱም የሚመሩት በአንድ ዓይነት የስርጭት እኩልታ ነው። ከላይና ከታች ውሃ ማስወጣት የሚችል፣ ስምንት ሜትር ውፍረት ያለው የሸክላ ንጣፍ እንውሰድ። የመጠቅጠቂያ ቁጥሩ በዓመት አንድ ካሬ ሜትር ቢሆን፣ ከመጨረሻው ስምጠት ዘጠና በመቶው እስኪጠናቀቅ ከ13 ዓመት በላይ ይፈጃል። በሁለት ዓመት ውስጥ የሚታየው 40 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። የንጣፉ ውፍረት በግማሽ ቢቀንስ ግን በሁለት ዓመት ውስጥ ከሦስት አራተኛ በላይ ይጠናቀቃል። አንባቢ እነዚህን ቁጥሮች በአእምሮው ይያዝልን፤ ስለ ይርጋ ስንነጋገር እንመለስባቸዋለን።

ስንጥቅን ማንበብ

ኮንክሪትና ግንብ መጨመቅን ይችላሉ፣ መለጠጥን ግን አይችሉም። የቤቱ አንድ ጫፍ ሲሰምጥ አራት ማዕዘን የነበረው ግድግዳ ይጣመማል፤ አንዱ አግድመት ይረዝማል፣ ሌላው ያጥራል። ስንጥቁ የሚወጣው የረዘመውን አግድመት አቋርጦ ነው። ሰያፍ ስንጥቅ የሚበዛውም፣ ከበርና ከመስኮት ማዕዘን የሚነሳውም ለዚህ ነው። ቤቱ ወደ ቁፋሮው በኩል ካጎነበሰ ስንጥቁ ብዙውን ጊዜ ከላይ ሰፊ፣ ከታች ጠባብ ይሆናል። ሆኖም ስንጥቅ የሚፈጥረው ቁፋሮ ብቻ አይደለም። አዲስ አበባን ጨምሮ በብዙ የአገራችን አካባቢዎች የሚገኘው ጥቁር አፈር፣ ዋልካ ወይም መረሬ የምንለው፣ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሸማቀቃል። በእሱ ላይ የተሠራ ቀላል ቤት ጎረቤቱ አንድ አካፋ አፈር ባያነሳም ሊሰነጠቅ ይችላል።

ሁለቱን ለመለየት የሚረዱ ምልክቶች አሉ። የጥቁር አፈር ስንጥቅ ከወቅቱ ጋር ይከፈታል፣ ይጠባል፤ የቁፋሮ ስንጥቅ ግን ቁፋሮው ሲጠልቅ እየሰፋ ሄዶ በአብዛኛው ተመልሶ አይዘጋም። የቆየ ስንጥቅ በውስጡ አቧራ፣ የሸረሪት ድር ወይም ቀደም ሲል የተቀባ ቀለም ይታይበታል፤ አዲሱ ጠርዙ ስለታም፣ ውስጡም ንጹሕ ነው። ቀላሉ መሣሪያ ጄሶ ነው። በስንጥቁ ላይ አግድም በስሱ ተለጥፎ ቀኑ ከተጻፈበት፣ የጄሶው መሰበር ግድግዳው ከዚያ ቀን በኋላ መንቀሳቀሱን ያመለክታል።

የንዝረትንም ጉዳይ በአጭሩ እናንሳ። ሰው በሰከንድ ከግማሽ ሚሊሜትር በታች የሆነ ንዝረት በእግሩ ይሰማዋል። የጀርመን ደረጃ ግን ለመኖሪያ ቤት መሠረት በዝቅተኛ ድግግሞሽ የሚመክረው ወሰን በሰከንድ 5 ሚሊሜትር ነው። ስለዚህ «ብርጭቆው በመደርደሪያ ላይ ሲንቀጠቀጥ ሰምተናል» የሚለው ምስክርነት እውነት ቢሆንም፣ ብቻውን ጉዳቱ በንዝረት ለመድረሱ ማረጋገጫ አይሆንም።

ሕግ ፊዚክስን ሲከተል

በዚህ ዘርፍ በብዙ አገሮች የሚጠቀስ አንድ የእንግሊዝ ክርክር አለ፤ ዳልተን በአንገስ ላይ ይባላል። ከሁለት ተጓዳኝ ቤቶች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1849 ወደ ሠረገላ ፋብሪካ ተለወጠ፤ የፎቆቹም ክብደት ለወሰን በቀረበ የጡብ ምሰሶ ላይ እንዲያርፍ ተደረገ። ከ27 ዓመት በኋላ ጎረቤቱ ቤት ፈርሶ በቦታው ሲቆፈር ምሰሶው ሰመጠ፤ ፋብሪካውም ፈረሰ። የእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1881 በሰጠው ውሳኔ፣ ሕንፃው ከሃያ ዓመት በላይ በግልጽና በሰላም በጎረቤቱ መሬት ተደግፎ ከቆየ ያ ድጋፍ መብት እንደሚሆን ተናገረ። ባለንብረቱ «ሥራውን ለሥራ ተቋራጭ ሰጥቻለሁ» በማለት ከኃላፊነት እንደማያመልጥም አረጋገጠ። ኩሎምብ በስሌት ያሳየውን፣ ማለትም የአንዱ መሬት በሌላው መሬት ተደግፎ እንደሚቆም፣ ፍርድ ቤቱ በመብት ቋንቋ ተናገረው።

እንግሊዝና ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጡት የጋራ ግድግዳ ሕግ ደግሞ ፊዚክሱን በቀጥታ ወደ አንቀጽ ለውጦታል። ከጎረቤት ሕንፃ በሦስት ሜትር ርቀት ውስጥ ከመሠረቱ በታች የሚቆፍር ሰው ከአንድ ወር በፊት በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። በስድስት ሜትር ውስጥም ቢሆን፣ ከጎረቤቱ መሠረት ሥር በ45 ዲግሪ ወደ ታች የሚሰመረውን መስመር ቁፋሮው የሚቆርጥ ከሆነ ግዴታው ይኸው ነው። ለምን 45? በራንኪን ስሌት አፈር የሚናድበት ገጽ ከአግድም በ45 ዲግሪ ላይ የሰበቃው ማዕዘን ግማሽ ተጨምሮበት ነው፤ ለእኛ አሸዋ 60 ዲግሪ ይሆናል። የ45 ዲግሪው መስመር ከዚህ ስለሚያጋድል ሰፋ ያለ ጥንቃቄ ይሰጣል። ነገር ግን መስመሩ የሚጠብቀን በዋናነት ከመናድ ነው፤ በፔክ ሥዕል ላይ ያየነው አነስተኛ ስምጠት ከመስመሩ ውጪም ይደርሳል።

ኮሎኝና ሳን ፍራንሲስኮ

ማስረጃ ሲዘገይና በጊዜው ሲገኝ ምን ልዩነት እንደሚያመጣ ለማየት ሁለት የቅርብ ዘመን ጉዳዮችን እንመልከት።

የመጀመሪያው በጀርመን ኮሎኝ ከተማ የደረሰው ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 3 ቀን 2009 የከተማው ታሪካዊ ቤተ መዛግብት አጠገቡ ይካሄድ በነበረው የምድር ውስጥ ባቡር ቁፋሮ ምክንያት ተናደ። በጎረቤት ቤት የነበሩ ሁለት ወጣቶች ሞቱ፤ ዘጠና በመቶ ያህሉ የመዛግብት ክምችትም በፍርስራሽ ሥር ተቀበረ። ክርክሩ የተወሳሰበው ማስረጃው ራሱ ከመሬትና ከውሃ በታች በመሆኑ ነበር። ምክንያቱን ለማወቅ ከመሬት በታች ልዩ የመመርመሪያ ጉድጓድ ማዘጋጀትና ዓመታት የፈጀ ቁፋሮ ማካሄድ ግድ ሆነ። በመጨረሻ የተገኘው በደጋፊው የኮንክሪት ግንብ ላይ ያለ ጉድለት ነበር። ግንቡ ሲሠራ መቆፈሪያው ከድንጋይ ጋር ተጋጭቶ ሊወጣ የሚገባው አፈር በቦታው ቀርቷል፤ በዚያ ክፍተት ውሃና አሸዋ ወደ ጉድጓዱ ገቡ፣ የቤተ መዛግብቱም ሥር ባዶ ሆነ። የመጀመሪያው የወንጀል ፍርድ እ.ኤ.አ. በ2018 ተሰጠ። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ የፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሁለት ተከሳሾችን ነፃ ያደረገውን ውሳኔ ሽሮ ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ አዘዘ። በፍትሐ ብሔር በኩል ከተማው ከሥራ ተቋራጮቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2020 በ600 ሚሊዮን ዩሮ ስምምነት ላይ ደረሰ።

ሁለተኛው የሳን ፍራንሲስኮው ሚሌኒየም ታወር ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የተጠናቀቀው ይህ ባለ 58 ፎቅ ሕንፃ የቆመው ዓለቱን በማይነኩ፣ በአሸዋ ንጣፍ ውስጥ በቀሩ የመሠረት ምሰሶዎች ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሕንፃው 16 ኢንች፣ ማለትም 41 ሴንቲሜትር ያህል መስመጡና ማዘንበሉ ለሕዝብ ተገለጠ። የሕንፃው አልሚዎች ጥፋቱን በአጠገቡ ለመጓጓዣ ማዕከል በተቆፈረው ጥልቅ ጉድጓድና በተሳበው ውሃ ላይ ጣሉ። የማዕከሉ ባለሥልጣን ግን በእጁ ቁጥር ነበረው፤ የእሱ ቁፋሮ እ.ኤ.አ. በ2010 ከመጀመሩ በፊት ሕንፃው 10 ኢንች ሰምጦ እንደነበር የሚያሳይ ልኬት አቀረበ። ይህ አንድ ቁጥር ክርክሩን ከሥሩ ለወጠው። የመጀመሪያዎቹ 10 ኢንቾች በቁፋሮው ሊሳበቡ አይችሉም፤ ለክርክር የቀረው ቁፋሮው በቀሪዎቹ ኢንቾች ላይ የነበረው ድርሻ ብቻ ነው። ክሶቹ እ.ኤ.አ. በ2020 በስምምነት ተዘጉ። እስከ ዓለቱ የሚደርሱ 18 ተጨማሪ ምሰሶዎችን የመትከሉ የጥገና ሥራ እ.ኤ.አ. በ2023 ተጠናቀቀ። የጥገናው ሥራ ራሱ ተጨማሪ ስምጠት በማስከተሉ እ.ኤ.አ. በ2021 ለጊዜው ቆሞ እንደነበርም መጥቀስ ተገቢ ነው፤ መሬትን ሳይነኩ መሬትን መጠገን አይቻልምና።

የእኛ ሕግና የሸክላው ሰዓት

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ለዚህ ዓይነት ክርክር እንግዳ አይደለም። አንቀጽ 1225 ባለሀብት ጎረቤቱን እንዳይጎዳ ወይም እንዳያውክ ይከለክላል፤ ከመልካም ጉርብትና ወሰን ያለፈ ጭስ፣ ሽታ፣ ጩኸትና ንዝረትንም ይጠቅሳል። ከውል ውጪ ስለሚደርስ ኃላፊነት በተደነገገው ክፍል ደግሞ አንቀጽ 2069 ሌሎችን ከተለመደው ውጪ ለሆነ አደጋ የሚያጋልጥ ሰው አደጋው ሲደርስ ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል። ከሚዘረዝራቸው ሥራዎች አንዱም የመሬትን ተፈጥሯዊ አቀማመጥ መለወጥ ነው። ይህ ኃላፊነት የቆመው በተከሳሹ ጥፋት ላይ ሳይሆን በፈጠረው አደጋ ላይ ነው። ስለዚህ በዚህ አንቀጽ የሚከስ ሰው ቆፋሪው ቸልተኛ እንደነበር ማስረዳት አያሻውም፤ ጉዳቱ ከዚያ ቁፋሮ የመጣ መሆኑን ግን ማስረዳት አለበት። አንድ የተወሰነ ቁፋሮ ከአንቀጹ ውስጥ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው የዳኞች ሥራ ነው። የምክንያትና ውጤት ጥያቄው ግን ወደ ፊዚክስ ይመልሰናል።

ሌላም ነጥብ አለ። በአንቀጽ 2143 መሠረት ተጎጂው የካሣ ክሱን ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ማቅረብ አለበት። ሕጉ የራሱን ሰዓት ይዟል። ሸክላ ግን የራሱ ሰዓት አለው። ከላይ ባየነው ባለ ስምንት ሜትር ንጣፍ ላይ፣ በሁለት ዓመት የሚታየው ከጠቅላላው ስምጠት 40 በመቶው ነበር። የመጀመሪያውን የፀጉር ያህል ስንጥቅ አይቶ «ይሁን፣ ጎረቤት ነው» በማለት በልስን የደፈነ ሰው፣ ስንጥቁ ጣት ሲያስገባ ወደ ፍርድ ቤት ቢሄድ «ጉዳቱ የደረሰው መቼ ነው?» የሚል ጥያቄ ይጠብቀዋል። ለዚህ ጥያቄ በቀን የተደገፈ መልስ የሌለው ሰው፣ እውነቱ ከእሱ ጋር ቢሆንም እንኳ ክርክሩን ሊያጣ ይችላል።

ሳይቃጠል በቅጠል

መፍትሔው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት ቆፋሪውና ጎረቤቱ በተገኙበት፣ ገለልተኛ ባለሙያ የጎረቤቱን ቤት ክፍል በክፍል ይመርምር፤ ያሉትን ስንጥቆች ሁሉ ርዝመታቸውንና ስፋታቸውን ጽፎ፣ ማስመሪያ አጠገባቸው አስቀምጦ ፎቶግራፍ ያንሳ፤ ሁለቱም ወገኖች ይፈርሙበት። በቤቱ ማዕዘኖች ላይ ቋሚ ምልክቶች ተተክለው ከቁፋሮው ተጽዕኖ ውጪ ካለ ነጥብ ጋር በቀያሽ መሣሪያ ከፍታቸው ይለካ። ውሃ የሚሳብ ከሆነ የውሃው ወለል በመመልከቻ ጉድጓድ ይታይ። ቁፋሮው በሚካሄድበት ጊዜ ልኬቱ ቢያንስ በየሳምንቱ ይደገም፣ ቁፋሮው ካለቀ በኋላም ሸክላ ባለበት ቦታ ለዓመታት ይቀጥል። ስምጠቱ ምን ያህል ሲደርስ ሥራ እንደሚቆም አስቀድሞ በጽሑፍ ይወሰን።

ይህ መዝገብ የሚጠብቀው ጎረቤቱን ብቻ አይደለም። ቤቱ ቀድሞም ተሰንጥቆ ከነበረ ቆፋሪውን ካልፈጸመው ጉዳት ካሣ ያድነዋል፤ ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ያየነው ይህንኑ ነው። ከሁሉ በላይ ግን መዝገቡ ማስጠንቀቂያ ነው። በሳምንት አንድ ሚሊሜትር ይሰምጥ የነበረ ማዕዘን በድንገት በቀን አንድ ሚሊሜትር መስመጥ ከጀመረ፣ ድጋፍ ለመጨመርና ሰዎችን ከቤቱ ለማስወጣት ጊዜ ይኖራል። የተሰነጠቀ ግድግዳ በካሣ ይጠገናል፤ በተናደ አፈር ሥር የቀረ ሠራተኛ ወይም ሕፃን ግን በካሣ አይመለስም።

ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት ተማሪዎች መካከል አንዳንዶቹ ነገ ሲቪል መሐንዲስ፣ አንዳንዶቹ ጂኦሎጂስት፣ አንዳንዶቹም ዳኛ ወይም ጠበቃ ይሆናሉ። ብዙዎቹ ደግሞ ከአጥራቸው ማዶ ስካቫተር ሲገባ የሚያዩ ነዋሪዎች ይሆናሉ። ያን ቀን ስካቫተሩ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በግድግዳቸው ላይ ያለውን እያንዳንዱን ስንጥቅ ቢለኩና ቀኑን ቢጽፉ፣ ነገ ለዳኛው የሚያቀርቡት ማስረጃ በእጃቸው ይኖራል።